የበርሜሉን ጥምዝ ለልጃቸው ብቻ

አዋሽ ላይ ያረፉት አጎቴ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበሩ። ጥይት ከመምረጣቸው በፊት የመወልወያውን ዘንግ ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው በርሜሉ ውስጥ ይገፉታል፤ ዘንጉ የበርሜሉን ጠመዝማዛ ቦይ፣ ጥምዙን፣ ተከትሎ አንድ ዙር እስኪዞር ምን ያህል እንደገባም በስንዝርና በጣት ይለካሉ። «ረጅምና ከባድ ጥይት ፈጠን ያለ፣ ቶሎ የሚዞር ጥምዝ ይፈልጋል፤ አጭሩን ዝግ ያለውም ይበቃዋል» ይላሉ። የሚነግሩት ግን ለልጃቸው ነው። እኔ ጠጋ ስል «አንቺ ደግሞ ዘመቻ አለብሽ?» ብለው ያስቁብኛል።

አንድ ቀን ከገዋኔ የመጣ ከብት ነጋዴ፣ አዲሱ ረዘም ያለ ጥይት በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ኢላማውን እየመታ እንዳስቸገረው ተናገረ። ልጃቸው «በርሜሉ አልቋል፣ ይቀየር» አለ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ «አጎቴ፣ በርሜሉ ደህና ነው። ጥይቱ ነው ለጥምዙ የረዘመበት» አልኩ።

አጎቴ ለኩ። ነጋዴውን «ወደ አጭሩ ጥይት ተመለስ» አሉት።

«ይቺስ ጉደኛ ናት!» አለ ሰውዬው።

«ልጄን ሳስተምር ሰምታ ነው» አሉ።

ሰመራ በተቀመጥነው የአጎቴ ለቅሶ ላይ ልጃቸው ይህንኑ ታሪክ የራሱ አድርጎ አወራው። ለቀስተኛው ሁሉ «የአባቱ ልጅ!» አለው። እኔ ቅናት እንዳይባልብኝ ቡና ማደሌን ቀጠልኩ። ቅናትም ነው፣ አልዋሽም።

አላህ ይዘንላቸው። ልጃቸውን መሞገት አያቅተኝም፤ ግን «ልክ ነሽ» እንዲለኝ የፈለግሁት ሰው አንድ ነበር፤ እሱንም ቀበርነው።