ደሴቷ ላይ አርፈዋል

ያደግሁት ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። በእኛ ቤት «አረፈ» የሚለው ቃል ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። አውሮፕላኑ ያርፋል፤ አባቴ ከሥራ ገብቶ ጫማውን አውልቆ ያርፋል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ትልልቆቹ «ሞተ» ማለት እየከበዳቸው «አረፈ» ይላሉ። ሦስቱ ተደባልቀውብን አያውቁም ነበር፣ አባቴ ደሴት ላይ እስካረፈበት ጊዜ ድረስ።

አባቴ የአውሮፕላን ሜካኒክ ነበር። ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ሩቅ አገር ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ቢበላሽ እንዲጠግን አንዳንዴ አብሮ ይላካል። አብዮቱ ከመጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። እንዲህ ተልኮ በሄደበት አንድ ጊዜ፣ ይመለሳል በተባለበት ቀን ሳይመለስ ቀረ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባው በራችንን አንኳኳ። ሰውየው እጅግ ጨዋ ነበር፤ ጉድ ያደረገንም ጨዋነቱ ነው። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ባለቤትዎ እዚያው ደሴት ላይ አርፈዋል። ሂድና ንገር ተብዬ ነው።»

እናቴ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ትሪው ከእጇ ወደቀና ሽንኩርቱ ግቢው ውስጥ ተንከባለለ። ጩኸቷን የሰማች ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ገባች፤ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ደረቷን መምታት ጀመረች። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ የማለቅሰው እሷ ስላለቀሰች ነው እንጂ ነገሩ ገና አልገባኝም። ያ ምስኪን ሰው ባርኔጣውን እያሻሸ መሃላችን ቆሞ ቀረ። ቆይቶ ነገሩ ሲገባው ደነገጠ።

«ኧረ እትዬ፣ ሆቴል ነው! ሆቴል ነው ያረፉት!»

ጎረቤታችን ለቅሶዋን ለአፍታ ገታ አደረገች። «ጭራሽ ሆቴል ውስጥ!» አለችና ከበፊቱ በባሰ ድምፅ ቀጠለች።

አባቴ በሕይወት እንዳለ፣ እንደሚበላ፣ እንደሚጠጣ፣ መለዋወጫው ከአውሮፓ እስኪመጣለት ብቻ እንደሚጠብቅ ለማስረዳት ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰች፣ በመጨረሻ ተናደደች። «እኔ እዚህ ስሞት እሱ እዚያ ይተኛልኛል!» አለች። ሽንኩርቱን የለቀምኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ፣ የአፍንጫው ጫፍ ተልጦ፣ ትንሽም ወፍሮ ነበር። ያረፈው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት፣ የፈረንጅ ሀብታሞች ለመዝናናት ብቻ በሚመጡበት ሆቴል ውስጥ ነበር። ሌላ ማደሪያ ጠፍቶ ነው እዚያ ያስገቡት። እናቴ ራት አቅርባ ከፊቱ ተቀመጠችና መመርመር ጀመረች። እሷ የጣና ዳር ልጅ ናት። ደሴት ሲባል ወዲያው የሚመጣላት ገዳም፣ መነኩሴ፣ ታንኳና ጾም ነው።

«ገዳሙ ሴት ያስገባል?»

«ገዳም የለውም።»

«ገዳም ከሌለው ደሴት ላይ ሰው ምን ይሠራል?»

«ምንም። ይተኛል።»

«ቀን?»

«ቀን።»

እናቴ ይህን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። አባቴም ቢሆን ሲያወራው የሰው ታሪክ የሚያወራ ይመስል ነበር። አሸዋው እንደ ዱቄት ነጭ ነው አለ። ለሆሳዕና ጣታችን ላይ የምናስረው ዘንባባ እዚያ ቤት ይከደንበታል። ጠዋት ጠዋት ትራሱ ላይ አበባ ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን ለምሳ ትልቅ ቀይ ጊንጥ የመሰለ የባሕር እንስሳ አቅርበውለት አማትቦ መለሰው፤ ዳቦና እንቁላል ጠየቀ። ውሃው እግሩ ሥር መጥቶ ይመለሳል፣ ይመጣል፣ ይመለሳል፤ ከዚያ በቀር የሚሰማ ድምፅ የለም። ስብሰባ የለም፣ መፈክር የለም፣ ሰዓት እላፊ የለም። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

እናቴን የያዛት ግን የወንበሮቹ ነገር ነው። ባሕሩ ዳር፣ በዘንባባ ጥላ ሥር፣ ጋደም የሚባልባቸው ረጃጅም ወንበሮች ነበሩ፤ ሁሉም ጥንድ ጥንድ። ብቻውን የመጣ ሰው የለም። አባቴ ባዶውን ወንበር ማየት ቢያስጨንቀው ኮፍያውን አውልቆ እዚያ ላይ አስቀመጠው። አስተናጋጁም በየጠዋቱ «እመቤቲቱ መቼ ይመጣሉ?» እያለ ይጠይቀው ነበር።

«ምን አልከው?» አለች እናቴ።

«ትመጣለች አልኩት።»

እናቴ ሳህኑን አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። ያን ዕለት ራት እንደበላን እንኳ ትዝ አይለኝም።

ደግሞ አባቴ እዚያም እጁ አላርፍ ብሎት የሆቴሉን ጄኔሬተር ጠግኖ ኖሯል። ባለቤቱ ደስ ብሎት፣ «በፈለግህ ጊዜ ከባለቤትህ ጋር ና፣ የእኔ እንግዶች ናችሁ» ብሎታል። የአየር መንገድ ሠራተኛ ለቤተሰቡ ትኬት ያገኛል። ስለዚህ መሄጃው አለ፣ ማደሪያው አለ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፣ የመውጫ ፈቃድ።

ያኔ ከአገር መውጣት እንደ ዛሬው አልነበረም። አባቴ ለሥራ ሲወጣ እንኳ እኛ እዚህ መቅረታችን ነው የሚያስወጣው። ጠይቀው ጠይቀው አንድ ቢሮ ሲደርሱ፣ አንድ ደከም ያለ ሰው ወረቀታቸውን ሳያነብ መለሰላቸው።

«ባልና ሚስት አንድ ላይ አይሆንም። አንዳችሁ ስትሄዱ ሌላችሁ ዋስ ትሆናላችሁ።»

«የምን ዋስ?» አለው አባቴ።

«የመመለስ።»

እቤት ሲመጡ ሁለቱም ተናደው ነበር፤ በማግስቱ ግን ቀልድ አደረጉት። አባቴ ከሥራ ሲገባ «ዋሴ፣ አለሽ?» ይላል። እናቴ ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ስኳሯን ይዛ ስትመለስ «ዋሴ፣ መጣሁ፣ አልጠፋሁም» ትላለች። ቀስ በቀስ የቁልምጫ ስማቸው ሆነ። እኔ ለረጅም ጊዜ ሚስት ባሏን ዋሴ ማለቷ የሁሉም ቤት ወግ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ከአሮጌ የውሃ ቧንቧና ከሸራ ሁለት ረጃጅም ወንበሮች በብየዳ ሠርቶ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር አስቀመጣቸው። ከአጥሩ ማዶ ከብት ይግጣል፣ ከዚያ ማዶ አውሮፕላን ይነሣል። እሑድ ከስብሰባ በኋላ ጎን ለጎን ይጋደማሉ፤ እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ከዝንብ ከልላ፣ አባቴ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አንድ ቀን መጥቶ አያቸውና፣ «ጓድ፣ ይሄ ደግሞ የምን ቡርዧነት ነው?» አለ። አባቴ የወገብ ሕመም መድኃኒት እንደሆነ ነገረው። ሊቀ መንበሩ ለማጣራት ብሎ ጋደም አለ፣ አንቀላፋም። ሲነሣ ኮስተር ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ የወንበሮቹ ነገር አልተነሣብንም።

ሸራው ላይ ተጋድሞ አባቴ ደሴቷን ይተርካል፤ እናቴ ሰምታ የማትጠግበውን ደግማ ትጠይቃለች። ድምፁ እንዴት ነው? ጠረኑስ? ማታ ባሕሩ ይተኛል? ባሕር ማለት ለእሷ ጣና ነበር፣ ጣናንም ካየች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ናፍቆቷ የየትኛው ውሃ እንደሆነ እንጃ። እኔ ዛፉ ላይ ተንጠልጥዬ እየሰማሁ፣ አይቼው የማላውቀው ነገር እንደዚያ እንዴት እንደሚናፍቀኝ ይገርመኝ ነበር።

በየዓመቱ ጠየቁ፤ በየዓመቱ ያው መልስ መጣ። በመጨረሻ አባቴ፣ «አንቺ ሂጂ፣ ዋስ እሆናለሁ» አላት። እምቢ አለች። ብቻዬን ምን ልሠራ አለች። እሱ ግን፣ «ቢያንስ የማወራልሽን ታውቂዋለሽ» ብሎ ለመናት። ፈቃድ ሰጪው ፊት ስትቀርብ አብሬያት ነበርኩ። ሰውየው ወረቀቷ ላይ «ለዕረፍት» የሚለውን አይቶ ፈገግ አለ።

«ከምን ለማረፍ ነው?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ካረፍኩ በኋላ እነግርዎታለሁ» አለችው።

ሰውየው ማኅተሙን ሲመታ እየሳቀ ነበር። እኔ ግን ከፍርሃት የተነሣ ላብ አጥምቆኝ ነበር።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዛ ሄደች። የተሸኘችው እንደ ሐጅ ተጓዥ፣ በእልልታና በለቅሶ ነው፤ ያቺው ጎረቤታችን አሁንም ደረቷን ስትመታ አባቴ «ገና አላረፈችም!» ብሎ ቆጣት። እሷ በሌለችበት ሳምንት አባቴ በየቀኑ ከሥራ ገብቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ቤት አይገባም። እንደ ልጅ ነበር የጠበቃት። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ቀና ይላል፣ የእሷ ቀን አለመሆኑን እያወቀ።

ስትመለስ ብዙ አላወራችም። ደሴቷ እሱ እንዳላት ናት አለች። በሐበሻ ቀሚሷ ባሕር ዳር ስትቀመጥ ፈረንጆቹ ፎቶ ሊያነሷት ፈልገው እንደነበር፣ ረቡዕና ዓርብ ሩዝና ጎመን እንደሠሩላት፣ ውሃው ጨው በመሆኑ እንደተቀየመች ነገረችን። እሑድ ከአባቴ ጎን ስትጋደም ነው ቀሪው የወጣው።

«እኔ በቀኝ በኩል ባለው ተኛሁ፤ በግራ ባለው ነጠላዬን አኖርኩልህ» አለችው።

አባቴ ቀና አለ። «እኔም እኮ በቀኙ ነበርኩ። ኮፍያዬን ያስቀመጥኩት በግራው ነው።»

ሁለቱም በቀኙ ወንበር ተኝተው ያንኑ የግራውን ወንበር ባዶ ትተው መጥተዋል። እናቴ ቆይታ ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

«አስተናጋጁ ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ። ይመጣል አልኩት።»

ከዚያ በኋላ ወሬያቸው እየተደባለቀ ሄደ። «ደሴቷ ላይ እያለን፣ ያ ዝናብ ድንገት ሲመጣ» ይላል አባቴ፤ ዝናቡን ያየችው እሷ ናት። «ያንን ጊንጥ ሲያመጡልን» ትላለች እናቴ። እንግዳ የሆነ ሰው አብረው የሄዱ ይመስለዋል። እኔ አርሜያቸው አላውቅም፤ እነሱም እንደዚያ ሲያወሩ ደስ ይላቸው ነበር። ግን ወረቀቱን ለሁለት ሰው መጠየቅ አልተውም። ያቺ ባዶ ወንበር ከልባቸው አልወጣችም።

ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠይቁ እናቴ ታማ ነበር። ከክረምቱ በኋላ ሐኪሙ ብዙ እንዳትንቀሳቀስ አዘዛት፤ ቀኑን ኮኩ ሥር ተጋድማ ትውላለች። በቀኙ ወንበር ላይ ነው የምትተኛው። አባቴ ከሥራ እየጠፋ መጥቶ በግራው ይቀመጣል። አውሮፕላን ሲወርድ ጎማው አስፋልቱን እስኪነካ በጆሯቸው ይከተሉታል፤ ከዚያ እናቴ ቀስ ብላ «አረፈ» ትላለች። መልሱ ያው መጣ፤ አንድ ላይ አይሆንም። አባቴ ግን አልነገራትም። «እያዩት ነው» እያላት ቆየ፤ እሷም አመንኩህ ለማለት ያህል ጫማ እንድገዛላት አዘዘችኝ፣ አሸዋ የማያስገባ።

ጫማውን ሳታደርገው ሄደች። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ተለወጠ፤ ዋስ መያዙም ቀረ። አባቴ ግን ደሴቷን ዳግም አላነሣትም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላየኋትም።

በእናቴ ለቅሶ ላይ ያ ጨዋ ባልደረባው መጣ። ሸብቷል። ያን የመሰለ ስሕተት ረስቶት አያውቅም መሰለኝ፣ አባቴ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን ያሻሻል። «እትዬ... እትዬ...» ይልና ያቆማል። አባቴ ክንዱን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠው።

«አረፈች በል፤ አሁንስ ልክ ነህ» አለው። «እሷ ሄደች፤ እኔ ዋስ ሆኜ ቀረሁ።»