ለኖራ ያዘገየሁት መርዶ

ያለፈው ማክሰኞ ከሴንት ፖል ከተማ ልወጣ ስል የአይሪሾች የሴንት ፓትሪክ በዓል ሰልፍ መንገዱን ዘግቶ ያዘኝ። አረንጓዴ ኮፍያ የደፋ፣ ጢሙን አረንጓዴ የቀባ፣ ውሻውን ሳይቀር አረንጓዴ ያለበሰ ሕዝብ በመኪናዬ ፊት ይጎርፋል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ማርታም ጉንጯ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አስላለች። "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አይሪሽ የሆንሽው?" ብላት፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል "ማም፣ ቱዴይ ኤቭሪባዲ ኢዝ አይሪሽ" አለችኝ።

ንድድ አለኝ። እኔ አንዲት አይሪሽ አውቅ ነበር፤ አረንጓዴ ኮፍያ አድርጋ አታውቅም። ስለ እሷ ለልጄ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ሳመነታ ስልኬ ጠራ። የእድራችን ጸሐፊ አቶ ሰይፉ ናቸው። "እትዬ ሰናይት፣ የጌታሁን እናት ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ ዐርፈዋል። ቀብራቸው ነገ ነው። ቅዳሜ ማለዳ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ፍሪድሊ፣ ቤቱ በር ላይ እንገናኝ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳይሉ።"

"እሺ" አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው። ጌታሁን ከሰርጉ እስከ ልጁ ክርስትና አብሬው የቆምኩት ልጅ ነው፤ እናቱን ነገ ሲቀብሩ እሱ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ምሳውን ይበላል ማለት ነው። እኔም ከሚደብቁት አንዷ ሆኜ ዝም ልል ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊትም ዝም ብዬ ነበር፤ ምን እንዳመጣ አውቀዋለሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከናይሮቢ የስደተኛ ወረቀቴን ይዤ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሠራተኞች የሚቀጥር ድርጅት ሴንት ፖል ውስጥ ደረጃው የሚንቋቋ አንድ የእንጨት ቤት ላከኝ፤ ኖራን እንድጠብቅ፣ እዚያው እያደርኩ። ኖራ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ልቧ ደካማ፣ ምላሷ ብርቱ። ሻዩ ድቅድቅ ብሎ ካልጠቆረ አትጠጣም፤ ወተት የምትጨምርበት ከዚያ በኋላ ነው። ያለ እርሾ የምትጋግረው ዳቦ ነበራት፤ ሊጡን ምድጃ ውስጥ ከመክተቷ በፊት በቢላ መስቀል ታደርግበታለች። ይህን ሳይ ደስ አለኝና እኔም በላዩ አማተብኩ። "አንቺ የኛው ነሽ" አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እንኳን እሷን ቤቱንም ወደድኩት።

ድንች ስልጥ ከጎኔ አትጠፋም። "አሳሺው፣ ልጣጩን አሳሺው" ትለኛለች። መጀመሪያ ንፉግ መስላኝ ነበር። ለካስ አያቷ በልጅነቷ ድንቹ ሁሉ መሬት ውስጥ በስብሶ አገሩ በረሃብ ሲያልቅ ከተረፉት ናት። "ድንቹ ነው የበሰበሰው፤ እህሉማ በመርከብ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ይወጣ ነበር። ይህን አትርሺ" ትላለች ኖራ፣ ትናንት ያየችው ይመስል በቁጣ። እኔ ደግሞ ረሃብ በተነሳ ቁጥር ፈረንጅ ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ ሰው ነኝ። እዚያ ወጥ ቤት ግን ስለ ረሃብ የምትቆጣውም የምታፍረውም እሷ ነበረች፤ እኔ ልጣጭ እያሳሳሁ አዳምጣለሁ።

እሑድ እሑድ ታናሽ ወንድሟ ማርቲን ከአየርላንድ ይደውላል። የሚነጋገሩበት ቋንቋ እንግሊዝኛ አይደለም፤ የራሳቸው ነው። በአያቷ ዘመን ያን ቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር አሉ፤ በተናገረ ቁጥር እንጨቱ ላይ አንድ ጭረት፣ ማታ በጭረቱ ልክ ዱላ። ኖራ ቋንቋውን በዚህ ቤት የምትናገረው እሑድ ብቻ ነው፤ ድምጿ ያን ሰዓት የልጅ ድምፅ ይሆናል።

በአገራቸው ሰው ሲሞት አስከሬኑ ሁለት ሌሊት ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዲት ደቂቃ ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የሟቹ ታሪክ ይወራል፣ ይሳቃልም። በሦስተኛው ቀን ይቀበራል። የሚገርመው ግን አሜሪካ ለሚሄድ ሰውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የሄደ አይመለስማ። ኖራ በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ስትነሳ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ እያጫወታት አደረ፤ ሊነጋጋ ሲል እናቷ ቆማ ሙሾ አወረደችላት፤ ለሬሳ የሚወረደውን ሙሾ። ማርቲን ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። እውነት ሊቀብሯት የሚወስዷት መስሎት ካፖርቷን አልለቅም ብሎ አስቸገረ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተመለሰችም። አባቷ ሲሞት፣ እናቷ ስትሞት፣ አራቱ ወንድምና እህቶቿ ተራ በተራ ሲከተሉ የሰማችው ከሳምንታት በኋላ በደብዳቤ ነው። የቀረው ማርቲን ብቻ። ሁለቱ ቃል ተገባብተዋል፤ አንዳቸው ሲሞቱ፣ አስከሬኑ ገና ቤት ሳለ፣ ስልኩን ከጆሮው አጠገብ ያኖሩለታል፤ ሌላው የሚለውን ይለዋል። "እኔ ቀድሜ ከሞትኩ ስልኩን የምትይዢው አንቺ ነሽ" ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። አልሰማሁም ልል አልችልም፤ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነው የሰማሁት።

የካቲት ውስጥ ነው፤ የእነሱም የእኛም ጾም ገብቷል፤ ደረጃው ላይ በረዶው ድንጋይ ሆኗል። አንድ ሰኞ ጠዋት ኖራ ሳትነሳ ስልክ ጠራ። የማርቲን ልጅ ናት። "አባዬ ዛሬ ንጋት ላይ ሞተ። ዛሬና ነገ ቤት ነው። ረቡዕ እንቀብረዋለን። ንገሪያትና ትደውል" አለችኝ። እንዲሁ። ዕቃ ገዝተሽ ነይ እንደማለት።

አንዲት ልበ ደካማ አሮጊት፣ ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ በባዶ ሆዷ፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን ገብታ ወንድምሽ ሞተ ትበላት? በእኛ እንዲህ ያለ ነገር ለጠላትም አይደረግም። እያለቀስኩ ፊቴን ታጠብኩ። ኖራ ነቅታ "ማነው የደወለው?" ስትለኝ "ተሳስተው ነው" አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት ይቺ ናት፤ ስትወጣ ምንም አላስቸገረችኝም።

ፎርት ስኔሊንግ በሚባለው ቦታ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የምትሠራ አክስት ነበረችኝ፤ በላይነሽ ትባላለች። ደወልኩላት። "ውይ የኔ ልጅ፣ ብቻሽን እንዳትነግሪያት። አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ሐሙስ ከሥራ ኦፍ ነኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ይዤ ማለዳ እመጣለሁ። እስከዚያ በደንብ አብያት።"

"ረቡዕ ይቀብሩታል እኮ አክስቴ።"

"ይቅበሩት እንጂ፤ እሷ አትቀብረው። ለቅሶ ቀን የለውም።"

እውነቷን ነው አልኩ። አርባው አለ፣ ሰማንያው አለ፣ ምን ያስቸኩላል? ቃል የተገባቡበትን ነገር ረስቼው አይደለም። ስልክማ ምንጊዜም ይደወላል፣ ሐሙስም ትደውላለች ብዬ ነው። አስከሬኑ እዚያ መኖሩ ዋናው ነገር እንደሆነ ነግራኝ ሳለ እኔ የሰማሁት የገባኝን ያህል ብቻ ነው። እንደዚህ ያለ ጅልነት አይቼ አላውቅም፤ የራሴ ሆኖ እንጂ በሌላ ላይ ባየው እስቅ ነበር።

ሰኞ ማታ ልጅቱ ደግማ ደወለች። "ተኝታለች" አልኳት። ማክሰኞ ጠዋት ሦስተኛ ስትደውል ኖራ እጇን ወደ ስልኩ ስትዘረጋ ቀድሜ አነሳሁና "ከክሊኒኩ ነው" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ነርቬ አልቻለም፤ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ድንች በቅቤ፣ ጎመን በወተት ሠርቼ አበላኋት። "ዛሬ ምን ነካሽ? የበዓል አደረግሽው እኮ" ብላ ሳቀች። እኔ በሆዴ አልቅሻለሁ፤ ግን በራሴ ኮርቼም ነበር። ወግ የማያውቁትን ወግ እያሳየኋቸው ነበራ።

ሐሙስ ማለዳ አክስቴ በጥቁር ነጠላ፣ ሽማግሌው አቶ ደምሴ በጥቁር ካፖርት፣ በረዶውን እየረገጡ መጡ። ኖራ በሌሊት ልብሷ ወጥታ አየቻቸው። በእኛ አገር ማለዳ በር ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው ያየ ሳይነገረው ይገባዋል። እሷ ሃይማኖት ሊሰብኩ የመጡ መስለዋት "ካቶሊክ ነኝ፣ አመሰግናለሁ" አለቻቸው። አቶ ደምሴ ኮፍያቸውን አውልቀው ስለ እግዚአብሔር ሰጪነትና ነሺነት ጀመሩ፤ እኔ አስተረጎምኩ። መሃል ላይ እጇን አነሳች።

"ማርቲን ነው?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"ሰኞ።"

"ዛሬ ምን ቀን ነው?"

ሐሙስ አልኳት። ያን ጊዜ አክስቴ አላስቻላትም፤ "ወንድሜን፣ ባሕር ማዶ የቀረኸው ወንድሜን" እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። ኖራ አየቻትና "አያቴ እንዲህ ነበር የምታለቅሰው። ቄሶቹ ከለከሏት" አለች፤ ከዚያ አክስቴን እጇን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ወደ እኔ ግን አልዞረችም። "ስልኩን አምጪ" ብቻ አለች። ገመዱን መልሼ ስሰካው አየችኝ።

የወንድሟን ልጅ በዚያ በራሳቸው ቋንቋ አናገረቻት። አጭር ነበር። ስልኩን ዘግታ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፣ ድምጿን ሳታነሳ። "ማክሰኞ ማታ ስልኩን ከጆሮው አጠገብ አድርገው አንድ ሰዓት ሙሉ ደውለውልኛል። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ቆሞ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሕመም ጠንቶባት ነው ብለው ለእኔም ጸለዩልኝ።"

"ልብሽን ፈርቼ ነው" አልኳት።

"ልቤ የእኔ ነው። ማን ጠብቂው አለሽ?" አለች። "እነሱ በቁሜ አልቅሰውልኛል። እኔ ከሰባቱ ለአንዱ እንኳ በቀኑ አላለቀስኩም። አንድ ቀርቶኝ ነበር።"

አላባረረችኝም፤ ብታባርረኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ፋሲካ ድረስ ሻይና መድኃኒት ስሰጣት ከአመሰግናለሁ ሌላ ቃል አልወጣትም። እሑድ እሑድ በለመደችው ሰዓት ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። ድንቹን ወፍራም አድርጌ ብልጠውም አትናገረኝም። ከዚያ ወደ አረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም ወሰዷት፤ ሁለቴ ሄጄ ጠየቅኋት፤ ሁለቴም ዓይኗን ጨፍና የተኛች መሰለች።

ለንስሐ አባቴ ብናገር "በቅንነት ነው ያደረግሽው፣ ኃጢአት የለብሽም" አሉኝ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በክፋት ቢሆን ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር። ለደጉ ብዬ ያደረግሁትን የት ወስጄ ልጣለው? አንዳንዴ በእሷም እናደዳለሁ፤ ምን ነበረበት አንድ ጊዜ ይቅር ብትለኝ? በአክስቴም፣ በአቶ ደምሴም፣ "ንገሪያትና ትደውል" ባለችውም ልጅ እናደዳለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማልወቅሰው ሰው የለም፤ ዞሬ ዞሬ ግን ገመዱን የነቀለው የእኔ እጅ ነው።

ማክሰኞ ለት ሰልፉ አልፎ መንገዱ ሲከፈት ወደ ቤቴ ወደ ኢገን መታጠፍ ነበረብኝ። ወደ ሰሜን ታጠፍኩ። "ማም፣ ሆም ኢዝ ዘ አዘር ዌይ" አለች ማርታ። "አውቃለሁ" አልኳት። ፍሪድሊ፣ የሚሠራበት የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ በር ላይ የጌታሁን ሺፍት እስኪያልቅ ጠበቅሁት። የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ሲወጣ አይቶኝ ፈገግ አለ። ወደ መኪናው ተመልሼ ልሂድ ብዬም ነበር።

"ጌታሁን፣ እናትህ ዛሬ ጠዋት ዐርፈዋል" አልኩት።

የምሳ ዕቃው ከእጁ ወደቀ። "እንዲህ ነው እንዴ መርዶ የሚነገረው? ፓርኪንግ ላይ?" አለኝ። ሌላም ብዙ አለኝ፤ ያለውን ሁሉ ትክክል ነው ብዬ ሰማሁት። ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ ጣሪያው ላይ በሁለት እጁ ተደግፎ አለቀሰ። ይህን አቶ ሰይፉ ሲሰሙ ከእድሩ ሊያስወጡኝም ይችላሉ። ጌታሁንም ዕድሜ ልኩን ላያናግረኝ ይችላል። ብቻ በብርዱ ቆሜ ጠበቅሁት።

ብዙ ቆይቶ ዞረ። "ቀበሯቸው?" አለኝ።

"አልቀበሯቸውም። ቤት ናቸው። ደውል።"