እናቷ የጠሯት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን። እሳቸው ዘንድ ይዤ የምቀርባቸው ኃጢአቶች ጾም መግደፍና ሐሜት ናቸው፤ ተመርጠው፣ ታጥበውና ተተኩሰው የሚቀርቡ። ዕድሜውን በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት የፈጀ ሰው ሌላ ምን ያቀርባል? ይህኛው ግን አልታጠበም። አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ አንተ ፊት አወጣዋለሁ፤ ሽታውን ቻለው።

የበደልኩት ትርሲትን ነው። ትርሲት በሩሲያኛ የምትዘፍን የአዲስ አበባ ልጅ ናት። በወጣትነቷ ዓሣ እርባታ እንድትማር ሌኒንግራድ ተላከች፤ እሷ ዓሣውን ትታ መድረክ ላይ ወጣች። ጭንቅላቷን ሙልጭ አድርጋ ተላጭታ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ካፖርት ደርባ፣ እንደ ወንድ በጎረነነ ድምፅ ስለ ሽንኩርት ሰልፍና ስለ ጎረቤት ማንኮራፋት ትዘፍናለች። ፍቅር የሚባል ነገር ዘፈኗ ውስጥ አይገባም። ቴሌቪዥን ጣቢያ ዊግ አድርጊ ቢሏት፣ ዊጉን ተቀብላ ለማይክሮፎኑ አለበሰችው፤ ከዚያ ወዲያ አልጠሯትም። የምትዘፍንባት አገር ስትፈርስ በየሬስቶራንቱ ስትዘፍን ቆይታ በመጨረሻ ዙሪክ ገባች። አፎልተርን በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይታ በሥራ ቀን በአረጋውያን ቤት ሽማግሌ ታጥባለች፣ በእረፍት ቀን ለሩሲያኛ ተናጋሪዎች ትዘፍናለች።

እናቷ ግን ፎቶዋን ባዩ ጊዜ ተቀየሙ። ሴት የምትላጨው ለሐዘን አይደል? «እኔ በቁሜ ሳለሁ ለማን ተላጨች?» አሉ። ጸጉሯን ሳታሳድግ ደጃቸውን እንዳትረግጥ፣ ድምጿንም እንዳታሰማቸው ማሉ። እሷም እልኸኛ ናት፤ አላሳደገችም። ወንድሟ ጌታሁን ከእናቱ ወገን ቆመና ስልኳን እንኳ አልያዘም። በበዓል በበዓሉ የእሷን ደህንነት ለእነሱ፣ የእነሱን ለእሷ የማደርስ ድልድይ እኔ ነበርኩ። ምን ዓይነት ድልድይ እንደሆንኩ አሁን ታያለህ።

ለትርሲት ምኗ ነበርኩ? ሻንጣ ተሸካሚዋ። እኔ ግን ራሴን ማናጀር ብዬ ሾምኩ። ካርኮቭ የተማርኩት ሩሲያኛ፣ ጄኔቭ አጠገብ በምኖርባት በቶኔ የሚያናግረው አጥቶ ሲዝግ ኖሯል። ታዲያ ጄኔቭ ላይ ለአንድ እሁድ ከቀትር በኋላ ትልቅ ኮንሰርት ተዘጋጀላትና፣ ጋሼ ታፈሰ፣ እርስዎ ያስተዋውቁኝ አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ መስታወት ፊት ቆሜ ንግግር የማጠና ሰው ሆንኩ። ብቻዬን ስለፈልፍ የሰማች ጎረቤቴ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ መከረችኝ። ሱፍም አሰፋሁ፤ ለሁለት ደቂቃ ንግግር!

ቅዳሜ ዙሪክ ሄጄ ይዣት በባቡር ወደ ጄኔቭ ስንመለስ፣ ፍሪቡርግን እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ። ጌታሁን ነው።

«ጋሼ፣ እማዬ ደክማለች። ታርቄያታለሁ፣ ድምጿን አሰሙኝ እያለች ነው። ዛሬ ካልሆነ እንጃ።»

ትርሲት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ጉልበቷ ጉልበቴን ይነካል። ክንዴን ዘርግቼ ስልኩን ማቀበል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልዘረጋሁም። እነግራታለሁ ብዬ ዘጋሁበት። ማን ነው ብትለኝ ልብስ ሰፊው ነው አልኳት።

«በዚህ ዕድሜዎ ሊድሩዎት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ለምን አልነገርኳትም? ብትሰማ ሎዛን ላይ ከባቡሩ ወርዳ ወደ እናቷ ትበራለች፣ ኮንሰርቷም ይቀርባታል ብዬ ነው። ኮንሰርቷ? ውሸቴን ነው። የሳሳሁት ለእኔ ሁለት ደቂቃ ነው። ሰኞ ትደውላለች፣ ሰው እስከ ሰኞ አይጠፋም አልኩ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ሐኪም አልነበርኩ፣ ፈጣሪም አልነበርኩ፤ አዲስ ሱፍ ያሰፋ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ማምሻውን ጌታሁን ደግሞ ቢደውል፣ ነግሬያታለሁ፣ ልምምድ ላይ ናት አልኩት። እሁድ ረፋድ ላይ እናቷ አረፉ። ጌታሁን ሲያረዳኝ አላለቀሰም።

«አልደወለችም» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ወግ ደረሰልኝ። መርዶ እንደ ሰላምታ በየመንገዱ አይነገር! ስለዚህ በወጉ ዝም አልኩ። መድረክ ላይ ወጣሁ፤ ሁለት ደቂቃዋን ረዘም አደረግኳት፤ አጨበጨቡልኝ። ቀጥላ እሷ ወጣችና በዘፈኖቿ መሃል፣ እናቴ ድምፄን ስትሰማ ፍየል የታነቀ ይመስላታል ብላ በሩሲያኛ ቀለደች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅሁ። እናቷ ገና አፈር አልለበሱም ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ዙሪክ አጠገብ ካለችው ከአድሊስቪል ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አፎልተርን ወደ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ስታየን ገባት። ሌላ ሴት ብትሆን ጸጉሯን ትነጭ ነበር፤ የእሷ እጅ ወደ ጭንቅላቷ ሄዶ የሚይዘው አጣ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አልፋ እኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ጠርታኝ ነበር?»

«ድንገት ነው ልጄ። አልጠሩሽም።»

ስንወጣ ሽማግሌዎቹ አመሰገኑኝ። እንዲህ በወጉ የሚያረዳ ሰው ጠፍቷል አሉ። ሁሉም የሚያውቀኝ ሞት ደብቄ በሰዓቱ የተናገርኩ አስተዋይ አድርጎ ነው። እኔ የደበቅሁት ግን በሕይወት ያሉ እናት ነበሩ። ለዚህ የሚሆን ወግ በየትኛው አገር አለ?

ትርሲት ከዚያ ወዲያ አልዘፈነችም። ጌታሁን፣ እናቷ ጠርታት እምቢ ያለች ብሎ ስሟን አያነሳም፤ እሷ ደግሞ ምን እንደበደለችው አታውቅም። ጸጉሯንም አሳደገችው። ዛሬ ሽበት ሆኖ ጀርባዋ ላይ ይወርዳል። ከታረቋት እናቷ ለመታረቅ ስትል ይኸው ስንት ዓመቷ።

ባለፈው ፋሲካ ልነግራት ቆርጬ ደወልኩላት። እንኳን አደረሰሽ ብዬ ሳልጨርስ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ እማዬ ዛሬ ብታየኝ ትታረቀኝ ነበር ይላሉ?»

እውነቱ አፌን ሞልቶት ነበር። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ስለ ጉልበቴና ስለ ስግደት አንድ ቀልድ አመጣሁ። ሳቀች። ያ የጎረነነ ሳቋ እስኪያልቅ ጠብቄ ደህና ሁኚ አልኳት።

ጠርተዋት ነበር። ታርቀዋት ነበር። ይኸው ለአንተ ተናገርኩት፤ ለእሷ ገና ነው። ይቅርታ አልለምንህም፤ ይቅርታው የአንተ አይደለምና። እሷ ሳትሰማው ከሞትኩ ግን፣ ተጫዋች ሰው ነበር ብለህ እንዳታለቅስልኝ።