በሕግ አምላክ ያልቆመው ሰውዬ

አባቴ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ጠብመንጃ አልነበራቸውም፤ የሚከተላቸው ወታደርም የለም። ያላቸው አንድ ቃል ነው። ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ ካዩ ከሩቅ ሆነው «በሕግ አምላክ!» ይላሉ፤ ተጣዮቹም ባሉበት ይቆማሉ። ይህን ቃል ሰምቶ እጁን የሰነዘረ ሰው ጠቡ ከባላጋራው ጋር መሆኑ ይቀርና ከመንግሥት ጋር ይሆናል። በአገራችን በጋይንት ይህን የማያውቅ ቢኖር ጡት ያልጣለ ሕፃን ብቻ ነው። «በሕግ አምላክ ሲሉ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚለውን አባባል አባቴ እንደ ተረት አይናገሩትም፤ በዓይናቸው እንዳዩት አድርገው ነው። እኔ ውሃ ሲቆም አይቼ አላውቅም፤ ሰው ሲቆም ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ነገሩ የመጣው ንፋስ መውጫ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ በበጋ ነው። አንድ የመንግሥት ላንድሮቨር ከደብረ ታቦር አቧራ ለብሶ መጣና ሲኒማ ማሳያ አወረደ። ከመኪናው የወረደው ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ የከተማ ሰው ነበር። «ይህ አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ያላቸው ሰዎች በየሳምንቱ እየተጠባበቁ የሚያዩት አዲስ ታሪክ ነው። እናንተም በየገበያው ቀን ቁራጭ ቁራጩን ታያላችሁ» አለን። ቴሌቪዥን ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ቁራጭ ቁራጩን ማለቱ ግን አላማረንም። ታሪክ አንዴ ከተጀመረ ይጨረሳል እንጂ እንደ ሥጋ ይቆራረጣል እንዴ?

የእህል መጋዘኑ ተጠረገ፤ መስኮቶቹ በጭድና በሱፍ በርኖስ ተደፈኑ። ገበያተኛው አህያውን ውጭ አስሮ ገባ፤ አንዲት ሴትዮ ዶሮዎቿን እንደታቀፈች ከፊት ተቀመጠች። እኔ እንግሊዝኛ ታውቃለች ተብዬ ከሸራው አጠገብ ቆሜ እንዳስረዳ ተደረግሁ። እውነቱን ለመናገር ከሚሉት ሁሉ የሚገባኝ ጥቂት ነበር። ግን አስተማሪ ተብሎ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አልገባኝም እንዴት ይባላል?

ሸራው ላይ አንድ ሰውዬ መጣ። ፊቱን እስከ አፍንጫው በጨርቅ ሸፍኗል፤ ከትከሻው ላይ ካባ ጥሏል፤ ሱሪው ገላው ላይ ተጣብቋል። ይባስ ብሎ የውስጥ ሱሪውን ከላይ ነው የለበሰው። መጋዘኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከዚያ ሰውዬው ዘሎ በረረ፤ ሳቁም ቀጥ አለ። ከዚያው ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ደብር የመጡ አንድ መሪጌታ ከጎኔ ነበሩ።

«ክንፉስ?» አሉኝ።

«የለውም መሰለኝ፣ የኔታ።»

«ያለ ክንፍ የሚበር ነገር ደግ አይደለም» ብለው አማተቡ። ዓይናቸውን ግን ከሸራው አልነቀሉም።

ከዚያ ጥያቄው ከየአቅጣጫው ወረደብኝ። «ፊቱን ምን አሸፈነው? ሽፍታ ነው?» «አይደለም፣ ደጉ እሱ ነው» አለ አንድ ልጅ ከኋላ። «ደግ ሰው ከማን ይደበቃል?» «ካባውን ማን ሸለመው?» «ሚስትስ አለችው?» እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደጉ ሸራው ላይ ያለው ሌላው፣ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱ ይታያል፣ አለባበሱም ወግ አለው። ስህተቴን ያወቅሁት ባለ ባርኔጣው አንድ ሽማግሌ ፎቅ ጫፍ ላይ አቁሞ ሊገፋቸው እጁን ሲያነሣ ነው። በራሪው ገና ሩቅ ነው። ሴቶቹ ጮኹ፤ ዶሮዎቹም ጮኹ።

ያኔ አባቴ ከኋላ ተነሡ። በበትራቸው መሬቱን መትተው «በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ! ቁም!» አሉ።

ሰውዬው ቆመ። እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ፤ ሽማግሌውም በፎቁ ጫፍ ላይ እንዳዘነበሉ ቀሩ። በላያቸው ጽሑፍ ወጣ፤ ከዚያም ሸራው ጨለመ። ጽሑፉ «ይቀጥላል» የሚል ነበር። ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ፤ እልልታው ግን ድምፄን ዋጠው።

ከዚያ በኋላ አባቴ «ፈረንጅ ያቆሙ ዳኛ» ተባሉ። ከእስቴና ከስማዳ ሳይቀር ክሱን አንጠልጥሎ የሚመጣ ሰው በዛ። ስለ በራሪው የሚያወራ ጠፋ። «እሱማ ምን ሠራ?» አለች ጎረቤታችን፣ «ሲያንዣብብ ነው የዋለ። ሽማግሌውን ያስጣሉት ዳኛው ናቸው። ካባውስ ለእሳቸው ነበር የሚገባ።»

አባቴ ራሳቸው ነገሩ ግር ብሏቸው ነበር። እራት ላይ ጉርሻቸውን ይዘው «አንቺ፣ ያ ጽሑፍ ምን ነበር የሚለው?» አሉኝ።

«ይቀጥላል ነው የሚለው፣ አባባ።»

«ማን ፈቅዶለት?»

ብርሃን በጨርቅ ላይ ወድቆ እንጂ ሰው እንዳልሆነ፣ የፊልሙ ጥቅል እዚያ ላይ እንደሚያልቅ፣ እኔም በደንብ ያልገባኝን ሁሉ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «ታዲያ ልክ እኔ ስናገር ለምን ቆመ?» አሉ። ፊታቸውን ሳየው አንጀቴን በሉት። አጋጣሚ ነው ማለት አቃተኝ።

ነገሩ የእሳቸው ኩራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቄ ባለፍሁት ነበር። በዚያ ሰሞን ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው በወረሱት የገብስ ማሳ ወሰን ተጣልተው ነበር። ታላቅዬው «የወሰኑ ድንጋይ በሚተከልበት ቀን ወይ እኔ ወይ እሱ» ብሎ በአደባባይ ዝቷል። ድንጋዩን የሚያስተክሉት አባቴ ናቸው፤ ቀኑም የሚቀጥለው ገበያ ማግስት ነው። ይህን እያሰቡ እንቅልፍ አጥተው ሰንብተዋል። ከፊልሙ በኋላ ግን ያ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ «እርስዎ ካሉማ እኔ ምን እላለሁ» ብሎ ሄደ። አባቴ የዚያን ቀን ማታ እንደ ሕፃን ተኙ።

የሚቀጥለው ገበያ ዕለት መጋዘኑ ሰው አልበቃው አለ። ሁለቱ ወንድማማቾችም ግራና ቀኝ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሰው የመጣው በራሪውን ሊያይ አልነበረም። መብራቱ ሳይጠፋ ሁሉም ወደ ኋላ እየዞረ አባቴን ያያል። ቢታመሙና ቢቀሩ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ሥዕሉ ካቆመበት ቀጠለ። እጁ አሁንም አየር ላይ ነው። አባቴ ከፊተኛው ይልቅ ረጋ ብለው፣ እንደለመደ ሰው ተነሡና «በሕግ አምላክ!» አሉ።

እጁ ወረደ። ሽማግሌው ወደቁ።

ሽማግሌው መሬት ሳይደርሱ በራሪው መጥቶ ቀለባቸው። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች እዚህ ላይ ሳያጨበጭቡ አይቀሩም፤ እኛ ዘንድ አንድ እጅ አልተነሣም። በራሪው ባለ ባርኔጣውን ደበደበው፤ ደብድቦም ወደ ዳኛ ሳይወስደው፣ ምስክርነቱን ሳይሰጥ፣ ካባውን እያርገበገበ ሄደ። መሪጌታው «ይኼስ ከዚያኛው በምን ተሻለ?» ብለው ጠየቁኝ። በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ዞር ስል አባቴ አሁንም ቆመዋል፤ ታላቅዬው ወንድም ደግሞ ሽመሉን አንሥቶ እየወጣ ነው።

በማግስቱ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመደቡ አልነሣ አሉ።

«ሰው እኮ አይደለም፣ አባባ። ጥላ ነው፤ ጆሮ የለውም» አልኋቸው።

«ፊተኛው ጊዜም ጆሮ አልነበረውማ።»

«አዎ።»

«እንግዲያስ ፊትም አልቆመልኝም» አሉ። ከዚያ ቆየት ብለው «ሌላውስ? ያኛው በራሪው አንድ ቀን ቢያጠፋ፣ ቁም ቢሉት ይቆማል?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ። ብቻቸውን እንዳይሄዱ ብዬ ተከተልኋቸው።

ማሳው ዘንድ ስንደርስ አገሩ ተሰብስቧል። ታናሽዬው ድንጋዩን ከአጠገቡ አኑሮ ቆሟል። አባቴ በበትራቸው ወሰኑን እየጠቆሙ ገና «እዚህ ላይ» ከማለታቸው ታላቅዬው ሽመሉን አንሥቶ ወደ ወንድሙ ተንደረደረ።

«እርስዎን የፈረንጅ ሌባ እንኳ አልሰማዎትም!» እያለ ይጮሃል።

አባቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ አልወጣም። እዚያ የነበርን ሁሉ ያን ጊዜ ምን እንደነካን እስካሁን አይገባኝም፤ ማንም ለመገላገል አልተንቀሳቀሰም። የታናሽዬው ሚስት ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ባየችበት እኔም አየሁ። ከአንድ ጭልፊት በቀር ምንም አልነበረም።

«በሕግ አምላክ» አሉ አባቴ። ትእዛዝ አይመስልም ነበር፤ ልመና ነው የሚመስለው።

ሽመሉ በወንድሙ ራስ ላይ እንዳንዣበበ ቆመ። እጁ አየር ላይ፣ አንድ እግሩ ወደ ፊት፣ ልክ እንደ ሸራው ሰውዬ። እኔ እስኪቀጥል ጠበቅሁ። አልቀጠለም። ክንዱ ቀስ ብሎ ወረደ።

ከሁሉ ይልቅ የደነገጡት አባቴ ነበሩ። ቀረብ ብለው ሰውዬውን ትኩር ብለው አዩትና ዳኛ የማይጠይቀውን ጠየቁት፦ «ለምን ቆምህ?»

ሰውዬው እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጦ አየ።

«እኔስ ምን አውቄ፣ ጌታዬ» አለ። «እንዲህ ሲባል ቆሜ ነው ያደግሁት።»

የአባቴ ዓይን እንባ ሞላ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «ድንጋዩን አንሡ» አሉ። ያነሡት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ለአንድ ሰው ይከብድ ነበር።