ከዋጫ ተጎትታ የመጣችው ጂፕ

ባለፈው ሳምንት ከቦንጋ መውጫ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ አንዲት ያረጀች ጂፕ በፒክአፕ እየተጎተተች አለፈች። በገመድ አይደለም፤ በብረት ነው። አራቱም ጎማዎቿ መሬት ረግጠዋል፤ ውስጧ ማንም የለም፤ መሪዋ ብቻውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። አጠገቤ የቆመች ተማሪ «ሹፌር የላትም እኮ!» ብላ ስልኳን አውጥታ ቀረጸቻት። የእኔ ዓይን ግን የሄደው ወደ ማርሿ ነበር። ከመንገድ ዳር ሆኖ እንደማይታይ እያወቅሁ አንገቴን አስግጌ ፈለግሁት። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም ከታዘዘኝ ቆይቷል፤ ያን ጊዜ ግን ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጥኩ።

አባቴ አድማሱ ሹፌር ነበር። ዛሬ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ሹፌር ይባላል፤ በእኔ ወጣትነት ግን በቦንጋ ሹፌር ለመባል ሰው ሊመሰክርልህ ይገባ ነበር። ለአባቴ የማይመሰክር አልነበረም። ማርሽ ሲቀይር አይሰማም ይሉ ነበር። እስከ ዋጫ ተኝቶ የሄደ ተሳፋሪ መንገዱ ሁሉ ሜዳ መስሎት ይወርዳል እያሉ ይቀልዱ ነበር። ብዙ ዓመት የሰው መኪና ከነዳ በኋላ የራሱን አሮጌ ጂፕ ከጨረታ ገዛ። ከቦንጋ ዋጫ፣ ከዋጫ ቦንጋ፣ ሰውም ቡናም ማርም ትጭን ነበር። ቀለሟ ምን እንደነበረ አላውቅም፤ ጭቃው ታጥቦ አያልቅም ነበር።

መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ «ባል የሚመጣው በየት በኩል ዞሮ ነው?» ትል ነበር፤ ሰፈሩ ደግሞ ከእናቴ የባሰ ይል ነበር። አባቴ ለማንም መልስ አልሰጠም። ጅማ ወስዶ አስፈተነኝ፤ መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ስመለስ ሻይ ቤቱ ላለው ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዘ።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ቦንጋ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። አመለከትኩ። በዚያን ጊዜ ሹፌር ሲቀጠር የሚታየው ወረቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ኃላፊው ወደ ጋራዥ ሄዶ መካኒኩን «እንዴት ነው አያያዙ?» ብሎ ይጠይቃል። መካኒኩ ከንፈሩን ከመጠጠ አለቀ። ለሴት ደግሞ ከመጀመሪያውም ሊመጥ የተዘጋጀ ከንፈር ነበር። ለሥራው የምጠራው ከሳምንት በኋላ ነበር።

በዚህ መሀል ጂፗ ዋጫ ላይ ቆመች። ውሃና ዘይት ተደባልቆ ሞተሩ ታነቀ። ሊጠገን የሚችለው ቦንጋ ነው። ጋሽ ከድር፣ ቦንጋ ሱቅና አንድ የጭነት መኪና የነበራቸው የአባቴ ወዳጅ፣ ዋጫ እቃ ሊያራግፉ እንደሚሄዱ ሲሰሙ ከእኛ ጋር ተነሡ። መጎተቻ ብረታቸውንም ይዘው መጡ። ከውሃ ቧንቧ ራሳቸው በብየዳ የሠሩት፣ እንደ ቀንበር የከበደ፣ ከፊት አንድ ከኋላ ሁለት ጫፍ ያለው ብረት ነው። ስለ እሱ ሲያወሩ ስለ ልጃቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

«ገመድ ይበጠሳል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የኋላው የፊቱን ይገጨዋል» አሉ ብሎኑን እያጠበቁ። «ይሄ ግን ወስዶ ያስገባልሻል። አስቴር ልጄ፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ መዝሙርሽን ዘምሪ።»

«ታዲያ ሰው ምን ይሠራል ውስጧ?» አልኳቸው።

«ምንም። አባትሽ ነው ባዶዋን አትሄድም ያለው።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ትልቁን ማርሽ ምንም እንዳይዝ ፎሌ ላይ አደረገ። ከዚያ አጠገቡ ያለችውን ትንሿን፣ የአራቱን ጎማ ኃይል የምታገናኘውን ማርሽ፣ መሀል ላይ አቆማት። «ዋናዋ ይቺ ናት» አለኝ። «ይቺ ከገባች ጎማው የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ ያለ ዘይት ያሽከረክረዋል። ድምፅ ሳያሰማ ያልቃል። እስከ ቦንጋ እንዳትነኪያት።» ከዚያ ጋሽ ከድር አጠገብ ጋቢና ገባ።

ያ ጉዞ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ደስ ማለቱም ያሳፍረኛል። ሞተር የለም፣ ጭስ የለም፤ የጎማው ድምፅ ብቻ። መሪው እጄ ሳይነካው በየጥምዝማዙ ይዞራል። ከሁለት ቀን በፊት ዘንቦ ስለነበር በመንገዱ ግራና ቀኝ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡናው ሁሉ አብቦ ነጭ ሆኗል፤ ሽታው በተሰበረው መስኮት ይገባል። ጦጣ መንገድ ስታቋርጥ ጋሽ ከድር ጥሩምባ ይነፉላታል። የሥራ ጥሪውን እያሰብኩ፣ በልቤ ከወዲሁ ደመወዜን ተቀብዬ ለእናቴ ጋቢ ገዝቼላት ነበር።

መንገዳችን ላይ ባለችው ሺሺንዳ የገበያ ቀን ነበር። ጋሽ ከድር ዳገቱ ላይ አቆሙና ከአባቴ ጋር ቀድመው ወደ ምግብ ቤቱ ገቡ። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። እንግዲህ የእኛ አገር ሰው ዳገት ላይ መኪና ትቶ አይወርድም፤ የእጅ ፍሬን የሚባለውን አያምንም። ማርሽ ያስገባል፣ ከጎማው ሥር ታኮ ድንጋይ ያደርጋል፣ ከዚያ ነው የሚወርደው። አባቴ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ መሪ ከመያዜም በፊት። ጂፗ በብረት ታስራለች፤ ጋሽ ከድር መኪና ላይ ተንጠልጥላ ወዴትም አትሄድም። እጄ ግን አላሰበም። ትልቁን ማርሽ አስገባሁ። ትንሿ መሀል ላይ ሆና ትልቁ ብቻውን እንደማይይዝ ስለማውቅ ትንሿንም አስገባኋት። ወርጄ ድንጋዩን አደረግሁ። ገበያተኛው እያየኝ ስለነበር ትንሽ ጎረርሁም መሰለኝ።

ትኩስ ቆጮ በአይብ በላን። ስንመለስ አንዲት እናት የማር ቅል ታቅፈው ጂፗ አጠገብ ቆመው ነበር። አባቴ ባዶ መኪና ይዞ ሰው ጥሎ አያውቅምና «ይግቡ» አላቸው። ድንጋዩን አነሣሁ፤ ትልቁን ማርሽ ፎሌ አደረግሁ፤ ከዚያ ቅሉ እንዳይፈስ በእግራቸው መሀል ሳስተካክል ጋሽ ከድር ጥሩምባ ነፉ። ሄድን።

«ልጄ፣ መኪናው ታሟል?» አሉኝ ሴትየዋ።

«አዎ እማማ።»

«አንቺ ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እይዛታለሁ።»

መሪው ብቻውን ሲዞር አይተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እሷ ናት አንቺን የያዘችሽ!» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ፤ አማርኛው ሲያጥራቸው በካፊኖኖ ቀጠሉ። መንገዳቸው ላይ ሲወርዱ መርቀውኝ ወረዱ። ቦንጋ ልንገባ ስንል የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ትንሿን ማርሽ አየኋት። ገብታለች። በእጄ ስነካት እንደ ምጣድ ትፋጃለች።

ጋራዥ ደረስን።

መካኒኩ ከሥር ገብቶ ዘይቱን አወረደው። ጥቁር ነበር፤ ውስጡም የብረት ፍቅፋቂ ያብለጨልጭ ነበር። አምስት ስድስት ወንዶች ከበቡ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«ካምቢዮው አልቋል። ማርሽ ገብቶ ነው የተጎተተችው» አለ። «ማን ነበር ውስጥ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንዱ ከኋላ «አላልኳችሁም?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «ሺሺንዳ ዳገት ላይ ስንቆም እሷ ከወረደች በኋላ አስገባሁት። ሳልነግራት ረሳሁ።»

ጋሽ ከድር አባቴን አዩት። ከመኪናው አብረው ወርደው፣ አብረው ቀድመው ምግብ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። በመጨረሻ «ሰው ነን፤ እንረሳለን» አሉና ብሎናቸውን መፍታት ጀመሩ።

«አባዬ…» አልኩ።

«ሂጂ ውሃ አምጪልኝ፤ እጄን ልታጠብ» አለኝ። ሄድኩ። ውሃውን ይዤ ስመለስ ጨዋታው ተለውጦ መካኒኩ «ጋሼ አድማሱም ማርሽ ይረሳል?» እያለ ይስቅ ነበር፤ አባቴም አብሮ ይስቃል።

ሥራውን አገኘሁ። ኃላፊው መካኒኩን ጠይቆት «አያያዟ እንደ አባቷ ነው፤ እንዲያውም አባቷ አርጅቷል» ብሎ እንደመሰከረልኝ በኋላ ሰማሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የነዳሁት በዚያ ምስክርነት ነው። ጂፗ ካምቢዮ እስኪመጣላት ሰባት ወር ግቢያችን ቆመች። አባቴ በገባበት ሻይ ቤት ሁሉ «ጋሽ አድማሱ፣ ማርሽህን መልሰሃል?» ይሉት ነበር። በመጀመሪያው ደመወዜ ቀን ልናገር ብዬ ጀመርኩት። አላስጨረሰኝም። «የእኔ ስም ብዙ መንገድ ሄዷል፤ አንድ ጭረት አያቆመውም» አለኝ። «ያንቺ ገና መነሣቱ ነው። ተይው።»

ተውኩት። አባቴ ሲሞት በለቅሶው ላይ እንኳ፣ ድንኳን ውስጥ መካኒኩ ያንን ቀልድ አንሥቶ ሐዘንተኛው ሲስቅ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ሰው ያለቀስኩ መሰለው። ማልቀሱንም አልቅሻለሁ፤ ግን ሰው በመሰለው ምክንያት ብቻ አልነበረም።

ባለፈው ፋሲካ የወንድሜ ልጅ መኪና ገዝቶ መጣና «እኔ እንደ አያቴ ማርሽ አልረሳም!» ብሎ ቤቱን አሳቀው። አያቱን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ከዚያ ሁሉ ዓመት፣ ከዚያ ሁሉ ዳገት፣ ከዚያ ሁሉ በሰላም ከገባ ተሳፋሪ ውስጥ እሱ ዘንድ የደረሰው ይህ ብቻ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጋሽ ከድር አልፈዋል፤ መካኒኩም አልፏል። እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ እኔ ስሄድ ደግሞ የሚቀረው ቀልዱ ነው። አባቴ ተይው ባይለኝ ኖሮ እናገር ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ። ውሸት ነው፤ ተይው ማለቱ ተመችቶኝ ነበር። ስለዚህ የቦንጋ ሰው ሁሉ፣ የወንድሜ ልጅም፣ ስሙኝ። አድማሱ በሕይወቱ አንድም ካምቢዮ አላቃጠለም። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ አስቴር።