ከሳህኑ ሥር የተገኘችው ሊሬ

እትዬ ሀብትነሽ ጠጅ ሲቀዱ ቁጣቸው ከእጃቸው ይታወቅ ነበር። ደስ ያላቸው ቀን ጠጁ ከማንቆርቆሪያው በቀጭኑ ይወርዳል፤ የተቆጡ ቀን ግን ከብርሌው አፍ ወጥቶ ጠረጴዛውን ያርሳል። እኔ ባወቅኋቸው ዘመን ጠረጴዛቸው ብዙ ጊዜ እርጥብ ነበር። ሰው "ክፉ ሴት ናቸው" ሲል ስሰማ እኔም ደሜ ይፈላል። ክፉ አልነበሩም። የተቆጡበት ምክንያት ነበራቸው፤ እሱን ነው የምጽፈው።

ቡሬ ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ የሣር ክዳን ቤት ነበረቻቸው። ባላቸው በንዳድ ከሞቱ ወዲህ በዚያች ቤት ወጥና ጠጅ እየሸጡ ይኖሩ ነበር። ቤቷ ሥርዓት ነበራት። ጠጅ ሲያቀርቡ መጀመሪያ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ። እንግዳው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ዋጋውን ይከፍላል። ሊነሣ ሲል ባዶ ብርሌውን ይቀበሉትና እስከ ወገቡ በነጻ ይቀዱለታል። ይህችን ጭማሪ እኛ ምርቃት እንላታለን፤ እህል ሻጭም ሰፍሮ ሲጨርስ በእፍኙ የሚጨምራት እርሷው ናት። ምርቃት የማይሰጥ ሻጭ ስሙ በገበያ ይጠፋል። ምርቃት ሳይጠጣ የወጣ እንግዳም ተጣልቶ የወጣ ነው። እንግዳው የመጨረሻዋን ይጠጣና "ቤትሽ አይጉደል" ብሎ ይሄዳል። አለቀ። ከዋጋው በላይ ገንዘብ የሚሰጠው ለለማኝ ነው፤ ወይም ግንባሩ ላይ ለሚለጠፍለት አዝማሪ ነው፤ ወይም ሥራዋን እዚህ ለማልጠቅስላት ሴት ነው።

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ከሠራ በኋላ፣ በ1931 ዓ.ም. መስከረም፣ የምሽጉ የስንቅ ሹም እዚያች ቤት መብላት ጀመረ። ሲኞር ባልዶ ይሉታል። ወፍራም፣ ሣቅ የሚቀናው፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነበር። ተስፋው የሚባል የጎንደር ሰው ያስተረጉምለታል። አላስተናግድም ማለት አይቻልም፤ እምቢ ያለ ቤት ይቃጠል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ባልዶ በላ፣ ዋጋውን ከፈለ፣ ምርቃቱንም ምን እንደሆነች ሳያውቅ ጨለጣትና ሄደ። እትዬ ሀብትነሽ ሳህኑን ሲያነሡ ከሥሩ አንዲት ሊሬ አገኙ።

"ረስቷት ነው" አሉ።

የሰው ገንዘብ በቤት ማሳደር በእርሳቸው ዘንድ ኃጢአት ነው፤ የጠላት ገንዘብ ቢሆንም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሊሬዋን በእጃቸው ጨብጠው፣ ምሽጉ በር ድረስ ሄዱ። ባልዶ ወጥቶ ሊሬዋን ሲያይ ሣቀ። ትከሻቸውን መታ መታ አደረገና ሌላ ሊሬ ጨምሮ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ። ተስፋው አጠገቡ ቆሞ መሬት መሬት ያያል እንጂ አልተናገረም። እትዬ ሀብትነሽ ሰውየው ሰክሯል ብለው ተመለሱ። ሁለቱን ሊሬ በጨርቅ ቋጥረው ምሰሶው ላይ አንጠለጠሉት።

በሌላው ቀን ባልዶ መጣ፤ አሁንም ከሳህኑ ሥር ትቶ ሄደ። አሁንም ቋጠሮውን ይዘው ሄዱ። አሁንም ሣቀ፤ ጨመረ። እንዲህ እያሉ አራት ጊዜ ተመላለሱ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሸማኔ ነበሩ። ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያ ሲወረውሩ በበራቸው በኩል የሚያልፈውን ሁሉ ያያሉ። ገብረሰንበት ይባላሉ። አባቴ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ጅጋ ከእናቴ ወገኖች ዘንድ ስለነበርኩ ነገሩን አላየሁም፤ እርሳቸው ግን አይተዋል። ያዩትን ቢናገሩ መልካም ነበር፤ ያላዩትን ጨመሩበት።

"እጇን ጨብጣ ትሄዳለች" አሉ ጥለት ሊያዝዝ ለመጣው ሁሉ። "እጇን ጨብጣ ትመለሳለች። ነጩ ትከሻዋን እየመታ ይሸኛታል። ይኸ የወጥ ዋጋ ነው? ወጥማ እዚሁ ተበልቷል። የምን ዋጋ እንደሆነ እናንተው ጨርሱት።"

ሰው ጨረሰው። ወሬ ስንቅ አይፈልግም፤ በሳምንቱ አርበኞች ካሉበት ጫካ ደረሰ።

በጥቅምት አጋማሽ ዳኘው የሚባል ጨው ነጋዴ መጣ። በአህያው ላይ አሞሌ እየጫነ፣ በአሞሌው መካከል የአርበኞችን መልእክት የሚያመላልስ ሰው ነው። እትዬ ሀብትነሽ ጠጅ ሊቀዱለት ሲሉ ብርሌውን በእጁ ከደነው።

"ምነው ዳኘው፣ ጾም ያዝህ?"

"እትዬ፣ ክንዱ ጠመንጃውን ተቀማ።"

ክንዱ የእትዬ ሀብትነሽ ታናሽ ወንድም ነው። ከጅጋ በላይ ባለው ጫካ ከአርበኞች ጋር ከገባ ዓመት አልፎታል። ሌላ ወንድም የላቸውም።

"ጣልያን ያዘው?"

"ጣልያንማ ቢይዘው ባልከፋ። የራሳችን ሰዎች ናቸው። እጁን በጠፍር አስረውታል። ማዶ ያሉት ሸማኔ ያወሩት ደርሶ፣ እኅቱ ምሽግ ትመላለሳለች፣ በየጊዜው ገንዘብ ይዛ ትመለሳለች፣ ምን እየነገረች ነው ተባለ።"

"እኔ? የሰው ገንዘብ ስመልስ?"

"እኔ አምናለሁ እትዬ። አለቃችን ግን የሚያምነው ዓይኑን ነው። በመጪው ገበያ ሰው ይልካል። ነገሩ እውነት ከሆነ ክንዱም አይተርፍ፣ ይህችም ቤት አትተርፍ ብሏል።"

"ታቦት ይዤ ልማልለት!"

"መሐላማ ባንዳውም ይምላል። የሚታይ ነገር ነው የሚፈልጉት።"

ዳኘው ሳይጠጣ ወጣ። ሳይጠጣ መውጣቱ ከመልእክቱ ይልቅ እንዳቃጠላቸው ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላም ነግረውኛል።

በማግሥቱ ተስፋውን ከመንገድ ጠርተው በር ዘጉበት።

"ጌታህ ለምን ገንዘቡን ይረሳል?"

"ረስቶት አይደለም እትዬ። ማንቻ ነው።"

"ማንቻ ምንድን ነው?"

"በአገራቸው የበላ ሰው ከዋጋው በላይ ጥቂት ይተዋል። ያልተወ ንፉግ ይባላል። እርስዎ መልሰው ሲያመጡለት አነሰኝ የሚሉት መስሎት ነው የሚጨምረው። ጓደኞቹንም ያስቅበታል።"

"ለባለቤቷ ነው የሚተዉት?"

ተስፋው አንገቱን አከከ። "የለም… ለባለቤት አይሰጡም፤ ነውር ነው። ለሚታዘዝ ነው።"

"ለሚታዘዝ!" እትዬ ሀብትነሽ ቋጠሮውን ከምሰሶው መነጨቁት። "አራት ጊዜ ስመላለስ ምላስህ የት ነበረ?"

"እትዬ፣ እንጀራዬ ነው።"

"እንጀራህን ይባርክልህ! የኔ ወንድም በአንተ ዝምታ ታስሯል፤ አንተ እንጀራ ትለኛለህ!"

የገበያው ቀን ደረሰ። እትዬ ሀብትነሽ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ተመለሱና ጠረጴዛውን ከቤት አውጥተው ደጅ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያየው ቦታ አቆሙት። ባልዶ መጣ፤ ደጅ መብላቱን ወደደው። በላ፣ ጠጣ፣ ዋጋውን ከፈለ፣ ሊሬዋን ከሳህኑ ሥር አስገብቶ ሊነሣ ሲል፣

"ቁጭ በል በለው" አሉ።

ተስፋው አስተረጎመ። ባልዶ እየሣቀ ተቀመጠ። እትዬ ሀብትነሽ ምርቃቱን እስከ ወገቡ ሳይሆን እስከ አፉ ቀዱለት። ከዚያ ሳህኑን አነሡ፤ ሊሬዋን አወጡ፤ ቋጠሮውን ፈትተው ያጠራቀሙትን ሁሉ ብርሌው አጠገብ ዘረገፉት። ገበያተኛው በገንዘቡ ድምፅ ዞረ።

"በለው" አሉ፤ ድምፃቸው ማዶ ይሰማል። "ያንተ አገር ልማድ ላንተ አገር ይሁን። እዚህ ትርፉን የሚሰጠው ባለቤት ነው። የዚህች ቤት ባለቤት እኔ ነኝ፤ አንተ እንግዳ ነህ። እንግዳ ይጠጣል፣ ይመርቃል፣ ወደ አገሩ ይሄዳል።"

ተስፋው አመድ መሰለ። "እትዬ፣ ይህን አልልም።"

"በል! ጎረቤቴም ይስማ፣ ሁሉም ይስማ! ምሽግ ስሄድ የነበረው ይህን ልመልስ ነው፤ ከዚህ ሌላ አንድ ቃል፣ አንድ ሳንቲም በመካከላችን የለም!"

ተስፋው በዝግታ አስተረጎመ። የባልዶ ፊት ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። መልሱ ረጅም ነበር፤ ተስፋውም እያቋረጠ አቀረበው።

"ለደግነቴ ይህ ነው ወይ ይላል። ልጅ ሆኜ በአገሬ ምግብ ቤት ሰው አስተናግድ ነበር፤ በማንቻ ነው ያደግሁት፤ አላፈርኩበትም ይላል።"

እትዬ ሀብትነሽ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩት። እውነቱን እንደነገራቸው ገብቷቸዋል፤ እርሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል።

"እሱ ባያፍር እውነቱን ነው፤ ሥራ አያሳፍርም" አሉ። "እሱ ባስተናገደበት ቤት ደጅ ግን መድፍ የተከለ እንግዳ አልመጣበትም። ይህንንም በለው።"

ይህንን ተስፋው አስተረጎመ ወይስ ዋጠው፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ባልዶ ተነሣና ሊሬዎቹን በእጁ ጠረጋቸው፤ በገበያው መንገድ ላይ ተበተኑ። ማንም ጎንበስ አላለም። አንዷ እየተንከባለለች አንድ ለማኝ እግር ሥር ብትደርስ፣ ለማኙ በበትሩ ገፋት። ባልዶ ይህንን ሲያይ ነው የባሰበት።

ያን ቀን ማታ ሳይደርስ ጋናቸው ተሰበረ፤ የበራቸው መዝጊያ በምስማር ተመታ፤ እርሳቸውም ምሽጉ ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን ታሰሩ። ጀርባቸው ላይ ያረፈውን ነገር እዚህ አልጽፈውም። በገበያው መካከል ግን ከጫካ የተላከው ሰው ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክንዱ ከጠፍሩ ተፈታ፤ ጠመንጃውም ተመለሰለት። ዳኘው መጥቶ ሲያበሥራቸው እትዬ ሀብትነሽ ከእስር ወጥተው ከአንዲት ዘመዳቸው ቤት በሆዳቸው ተኝተው ነበር።

"ተመስገን" አሉ አስቀድመው። ቀጥለውም፣ "አለቃህን ንገረው፤ ለአንድ ሸማኔ ምላስ ብሎ ወንድሜን ማሰሩን እግዜር ይቅር ይበለው፤ እኔ ገና ነኝ።"

በ1933 ዓ.ም. የካቲት ጣልያን ቡሬን ለቆ ሄደ። ክንዱ በሕይወት ገባ። እኅቱ እጁን ሲያስታጥቡት አንጓው ላይ እንደ አምባር የዞረ ጠባሳ አዩ።

"ይኼ የጣልያን ነው?"

"አይደለም" አለ ክንዱ፤ እጅጌውንም አወረደበት።

እትዬ ሀብትነሽ ቤታቸውን ሲከፍቱ ለሁሉም ምርቃት ቀዱ፤ ለአባቴ ብቻ አልቀዱም። አባቴ ይከፍላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ባዶውን ብርሌ ይዘው ጥቂት ይቆያሉ። እትዬ ሀብትነሽ አልፈዋቸው ይሄዳሉ። አባቴ ብርሌውን ያስቀምጡና ይወጣሉ። ቡሬ ውስጥ ሌላ ጠጅ ቤት ሞልቶ ነበር፤ አባቴ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በየገበያው ቀን እዚያው ይሄዱ ነበር። እኔም ከጅጋ ተመልሼ ከአባቴ ጎን ስቀመጥ ይህንን በዓይኔ አየሁ። በአባቴ አፍሬ ነበር። በእትዬ ሀብትነሽም እቆጣ ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በስድስተኛው ዓመት፣ ገበያው ጢም ባለበት ቀን፣ አባቴ ባዶውን ብርሌ ይዘው ብድግ አሉ።

"ጎረቤቶቼ፣ ስሙኝ" አሉ። "ያን ጊዜ የዚህችን ሴት ስም ያጠፋሁ እኔ ነኝ። እጇን ጨብጣ ስትሄድ አየሁ፤ በእጇ ያለውን አላየሁም፤ ያየሁ አስመስዬ ተናገርሁ። ክንዱን ያሳሰርሁ እኔ ነኝ።"

እትዬ ሀብትነሽ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ፊታቸው ቆሙ።

"ይችን ለማለት ነው ስድስት ዓመት ሲመላለሱ የኖሩት?"

"አዎን፣ እታለም።"

"እኔ አራት ቀን ምሽግ ብመላለስ ባንዳ አሉኝ። እኔ እርስዎን በስድስት ዓመትዎ ምን ልበልዎት?"

አባቴ ብርሌውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ብርሌውን ያምጡ!" አሉ እትዬ ሀብትነሽ፤ ከእጃቸው ነጥቀው ቀዱ። ጠጁ ከብርሌው አፍ ወጣ፤ በአባቴ ጣቶች ላይ ወረደ፤ እጅጌያቸውን አረሰው፤ እርሳቸው ግን መቅዳቱን አላቆሙም። "ይጠጡ! ያለፉትን ዓመታት አልክስም፤ ይህች የዛሬዋ ናት። ይጠጡና ይመርቁ፤ ጮክ ብለው፣ ማዶ እንዲሰማ!"

አባቴ ጠጡ። ከዚያም ጮክ ብለው መረቁ።