ሞተሩ ላይ ያለችው ሕፃን

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ሰፈራችን እሪ በከንቱ መብራት የጠፋበት ምሽት ሁሉ የጋሼ ነበር። ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው፤ እናቴ ስትሞት ወስዶ ከልጁ ከሰብለ ጋር ያሳደገኝ እሱ ነው። ፋኖሱ ኮርኒሱ ላይ ያጠለሸው ጥቁር ክብ፣ ከምድጃው ፍም የሚወጣው የባሕር ዛፍ ሽታ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣው ዝናብ፣ ያኔ ሁሉም እንደኛ የጋሼን ድምፅ የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር። የጅብና የጦጣ ተረት ሞልቶታል፤ እኛ ግን የምናስደግመው የሞተር ሳይክሉን ወሬ ነበር።

«ክረምት ነው» ብሎ ይጀምራል። «ልጄን ከፊቴ ሰልባቲዮው ላይ፣ የቤንዚን ቋቷ ላይ አስቀምጬ ከጊዮርጊስ ስወርድ ዶፍ ጣለብኝ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ሞተሯ ቱፍ ቱፍ አለችና ጠፋች። ከሥር ወንዙ ሞልቶ ያገሳል። ልጄን ካፖርቴ ውስጥ ከትቼ፣ ሞተሯን እየገፋሁ ዳገቱን ተያያዝኩት። አሁን ታለቅሳለች ስል፣ ‹ድገመው!› አትለኝ መሰላችሁ!»

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ትላለች ሰብለ። ጋሼ ፈገግ ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

ጫማም ቀሚስም እኩል ነው የሚገዛልን፤ በሱ ቀንቼ አላውቅም። የቀናሁት በዚያ ካፖርት ነው። እሷ እናት አላት፣ አባት አላት፣ ያ ዝናብ ደግሞ ለምን የሷ ይሆናል? አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ተጣልተን «አንቺ እኮ የአባዬ ሞተር ላይ ወጥተሽ አታውቂም!» አለችኝ። አድጌ፣ አግብቼ፣ ወልጄም ያ ነገር አልለቀቀኝም። ጋሼን ቀብረን የተመለስን ዕለት እንኳ፣ ለቅሶው ጋብ ሲል ትዝ ያለኝ ያው ካፖርት ነበር።

ባለፈው ክረምት ሰብለ ደወለችና ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ካፌ ተገናኘን። የእናቷን ሣጥን ስታራግፍ ያገኘችውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጣች። ጋሼ በወጣትነቱ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ ሞተር ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ፣ ፊቷ በሰፊ ኮፍያ የተሸፈነ ሕፃን አለች።

«እኔና አባዬ» አለች። ማኪያቶው መረረኝ። «ምን ዓይነት ሞተር እንደሆነ ባውቅ፣ ፈልጌ ለልጄ አሳየው ነበር።»

የጋሼ የልብ ወዳጅ ጋሽ ከድር ትዝ አሉን። ዱሮ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የሞተር መለዋወጫ ይሸጡ ነበር፤ ቤታቸው ሄድን። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወሰዱት።

«የጃፓን ናት» አሉ። «ትንሿ፣ መቶ ሲሲዋ። ማርሚታዋ፣ ጭስ ማውጫዋ፣ አንድ ብቻ ነው፣ አያችሁ? ጎኗ ላይ ያለችው ጣሳ የዘይት ናት። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነበር የምታነደው፤ ሰፈሩን በጭስ ስታጥነው ነው የምትውለው!»

«የአባዬ ሞተር ግን ቀይ ትልቅ አልነበረም እንዴ?» አለች ሰብለ።

«ቀዩ ኋላ የመጣ ነው። ይቺን ለኔ ሸጦልኝ ነው እሱን የገዛው። ያኔማ ገና እናትሽንም አላገባም ነበር።»

ሰብለ ፎቶውን ተቀበለቻቸው። «ታዲያ ይቺ ልጅ ማን ናት?»

ጋሽ ከድር ጥያቄው ገርሟቸው በአገጫቸው ወደኔ አመለከቱ። «የእህቱ ልጅ ናታ! እናቷ ሥራ ስትገባ እሱ ጋ አልነበር የምትውለው? ያ ዝናብ የመታቸው ቀን እንኳ ሱቄ ገብተው ነው የደረቁት።»

ደስታው እስከ ጆሮዬ ድረስ አሞቀኝ። ቀና ስል ግን ሰብለ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ሕፃኗን ታያለች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እሷን ሳይበት የኖርኩት ነው።

መንገድ ላይ ስንወጣ «ፎቶው ግን እኔ ጋ ይቆይ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ሻክሯል።

«ይቆይ» አልኳት። ክንዷን ያዝኳት፤ አልነጠቀችኝም።

ሰብለ «እኔ ነኝ» ስትለው ጋሼ ለምን ዝም ይል እንደነበር ይገባኛል፤ አባቷ ነው፣ እንዴት ብሎ አይደለሽም ይበላት? ለኔም ለብቻዬ ሊነግረኝ አስቦ ሳይመቸው ቀርቶ ይሆናል። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። «ልጄን» ሲል፣ በዚያ በፋኖስ ብርሃን ወደ ማን ይመለከት ነበር? ፊት ለፊቱ ነበር የምቀመጠው፤ ቀና ብል ኖሮ አውቀው ነበር። እኔ ግን ያኔ የሱን ዓይን አንድም ቀን አላየሁም። የማየው ሰብለን ነበር።